በ9 እና በ10 በመቶ መካከል

ግልጽ ደብዳቤ፦ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጡረታና ዳረጎት ለምትወስኑ ኃላፊዎች



የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ግን ወንበር አያውቅም። ከአምባራስ ወደ ግጭና ወደ ሳንቃበር ጠመንጃ አንግቶ በገደል አፋፍ ይመላለሳል፣ በውርጭ ያድራል። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠልም የእስራኤል እሳት አጥፊዎችና ከኬንያ የመጣው ሄሊኮፕተር እስኪደርሱ እሳቱን ሲታገሉ የቆዩት የአካባቢው ገበሬና የፓርኩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲጎዳ የቀሪ ዕድሜውን ኑሮ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ የሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ነው። መቶኛ መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው ባለጉዳዩ ቁጥሩ ከምን እንደመጣ ሳያይ፣ ቃሉንም ሳይሰጥ ውሳኔ የሚጸናበትን አሠራር ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚከብድ እስከ 2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 ካስቀመጠው ስሌት ይታያል። ጉዳቱ ከሥራ ያላስወጣው ሠራተኛ ያገኝ የነበረው የአንድ ጊዜ ዳረጎት የወር ደመወዙ 47 በመቶ በ60፣ ከዚያም በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ ነበር፤ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ጉዳት ግን አይቆጠርም ነበር። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ስካውት 10 በመቶ ቢባል 14,100 ብር ይደርሰው ነበር፤ 9 ቢባል ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። የባሰው ደግሞ ሌላው መስመር ነው፦ መሥራት አይችልም የተባለ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፣ ይችላል የተባለ ዳረጎቱን ተቀብሎ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ሐኪሙ ጉልበቱን ሊመረምር ይችላል፤ ያ ጉልበት ከአምባራስ በላይ ያለውን ዳገት በየቀኑ መውጣት መቻል አለመቻሉን ግን የሚነግረው ስካውቱና የሥራ ባልደረባው ናቸው። ስለዚህ ባለጉዳዩን መስማት ማስረጃ ማሟላት ነው፤ ውለታ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሕክምና በሙግት አይወሰንም፣ ፈንዱ የሁሉም መዋጮ ነው፣ አስመሳይም አይጠፋም ትሉኝ ይሆናል። አስመሳይ መኖሩን አልክድም፤ እሱን የሚያጋልጠው ግን ተዘርዝሮ የተጻፈ ምክንያት እንጂ ድፍን ቁጥር አይደለም። ይግባኝ አለ የሚለውም ግማሽ መልስ ነው፤ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ቢኖርም ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው ምኑን ነቅሶ ይከራከራል? ሥራ ይጓተታል ለሚል ደግሞ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በማቲውስና በኤልድሪጅ ጉዳይ የአካል ጉዳት ክፍያ ከመቋረጡ በፊት የቃል ክርክር የግድ አይደለም ብሏል። እንዲህ ሲል ግን ባለጉዳዩ ፋይሉን ማየትና በጽሑፍ መልስ መስጠት እንደሚችል ቆጥሮ ነው። እኔም ከዚያ የበለጠ አልጠይቅም። የእኛው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል።

እንግዲህ የቦርዱ ወረቀት ሙሉ ግልባጭ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ለባለጉዳዩ ከፓርኩ አጠገብ ወዳለችው ደባርቅ ድረስ ይላክለት፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ይቆረጥለት።