የረባሾች ስም በማይክ አይነበብ

ዛሬ የምጽፈው ሆዴን ሲበላኝ ስለሰነበተ ነገር ነው።

እንደምታውቁት ዓርብ ዓርብ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ማይክ የረባሾች ስም ይነበባል። የክፍል አለቆች ጽፈው ያመጣሉ፣ ተረኛው የክበብ አባል ያነባል። ባለፈው ተረኛው እኔ ነበርኩ። 1ኛ ሲ ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ስም የታናሽ ወንድሜ ነው። አጠገቡ አራት ኤክስ አለ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ግን የሰው ወንድም አንብቤ የራሴን ብዘል አድልዎ ነው ብዬ አነበብኩት። እሱ ደግሞ ስሙ ሲጠራ ሽልማት መስሎት እየሮጠ ወደ መድረኩ መጣ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሰኞ ጠዋት "ሆዴን አመመኝ፣ አልሄድም" አለ። ማክሰኞም እንደዛው።

አቡሽ (እቤት እንዲህ ነው የምንለው) 7 ዓመቱ ነው። አንድ ቦታ አይቀመጥም። አንድ ጉርሻ ይጎርስና በር ላይ ይደርሳል። ሱቅ ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ኳስ ሲጫወት ይገኛል፤ ጨውም የለም፣ ብሩም የለም። እማዬ "መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለዋለች። አያቴ ግን "አባቱም እንዲሁ ነበር" ስትል አባዬ ዝም ይላል።

"ዱላ ያጣ ልጅ ነው" የሚሉ አሉ። ዱላውንማ ሞክረነዋል። እኔም መትቼዋለሁ፣ አልደብቅም። ትንሽ ያለቅስና ተመልሶ ያው ነው። ደግሞ በዜግነት ትምህርት እንደተማርነው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ማንበርከክስ የአካል ቅጣት ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ተደወለ።

እማዬ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ነርሷ መጀመሪያ ጆሮውንና ዓይኑን አየችው፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛም ጠየቀች። አንዳንድ ልጆች ኤዲኤችዲ የሚባል ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለባቸው፣ ከስድነት የመጣ አይደለም አለችን። ግን ችግሩ ቤትም ትምህርት ቤትም ቢያንስ ለ6 ወር ካልታየ አይባልም፤ ሐኪም ማየት አለበት። ስለዚህ አቡሽ አለበት ወይም የለበትም አልልም። የገረመኝ ሌላ ነው፦ ችግሩ ያለባቸው ሁሉ አይረብሹም። ዝም ብሎ በመስኮት እያየ ምንም የማይሰማ ልጅም አለ። የእሱን ስም ግን አንድም አለቃ ጽፎ አያውቅም!

ከዛ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። አራቱም ኤክስ የተደረጉት ከእረፍት በኋላ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አንድም የለበትም። ለምን ብዬ አቡሽን ስጠይቀው "ቲቸር ደብተር የምሰብስበው እኔን ነው የሚያደርጉኝ፣ ሰሌዳም አጠፋለሁ" አለኝ። ፊት ዴስክ ላይም አስቀምጠውታል። ቲቸር በጣም እናመሰግናለን። አንድ ክፍለ ጊዜ እኮ 40 ደቂቃ ነው፤ እኛ እንኳን ስድስተኛው ላይ እንቅልፋችን ይመጣል፣ አንዋሽ።

ስም የሚጽፈውስ ማነው? እሱም የ7 ዓመት ልጅ ነው። ማስቲካ ያልሰጠውን ሁሉ ይጽፋል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ስም በማይክ መነበቡ ይቅር ነው። ወረቀቱ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ብቻ ይሰጥ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደረበሸም ይጻፍበት። የ7ኛና የ8ኛ ግን ይነበብ፤ እኛ አውቀን ነው የምንረብሸው።

ለክበባችን ተጠሪ መምህር ነግሬያቸው ረቡዕ ስብሰባ ላይ እናየዋለን ብለዋል። እስከዛ የምትስማሙም የማትስማሙም ጽፋችሁ የሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። አቡሽ ሐሙስ ዕለት መጥቷል፣ ግን እስከ በሩ ድረስ እጄን አለቀቀም።

ከ7ኛ ቢ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል