«ጥብቅ ምስጢር»፦ ምሳ ተዘጋጅቷል

በዚህ ሳምንት አንድ ደብዳቤ አየሁ። ከራስጌው በቀይ ቀለም «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ከሥሩ ያለው የሥልጠና ጥሪ ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ፣ መጨረሻ ላይም «ምሳ ተዘጋጅቷል»። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ቦንጋ ውስጥ ነው፣ ይበቃል። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ምሳው ምን እንደሆነ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት እናቶች ያውቁ ነበር።

ከማኅተም ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የአዲሱ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዛ፣ ከቢሮው ጋር ማኅተሙ በዛ፣ ከማኅተሙ ጋር ደግሞ «ይህ አይነገርም» ባዩ በዛ። የመንገዱን በጀት ብትጠይቅ ምስጢር ነው። ውኃው የሚመጣው መቼ እንደሆነ ብትጠይቅም ምስጢር ነው፤ ይኼኛውን እንኳ ልረዳላቸው እችላለሁ፣ እነሱም አያውቁትምና።

«የአገር ደኅንነት ቀልድ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ አይደለም። የሠራዊት እንቅስቃሴ ይደበቅ። የመረጃ ምንጭ ስም ይደበቅ። ከሌላ መንግሥት ጋር ድርድር ላይ ያለ ጉዳይም ይደበቅ። የምሳ ግብዣ ከእነዚህ እኩል ቀይ ማኅተም ሲያገኝ ግን ቀልዱን የጀመረው ማን እንደሆነ ይታወቅልኝ። ቀይ ማኅተም ሲመላለስባት የዋለች ጸሐፊ፣ እውነተኛው ምስጢር የመጣ ዕለትም ከሻይ ብርጭቆ ሥር ታስቀምጠዋለች። በ1971 እ.ኤ.አ. የቬትናም ጦርነት ሰነዶች ሙግት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛ ፖተር ስቱዋርት ያሉት ይህንኑ ነው፦ ሁሉ ምስጢር ከሆነ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ያሻው ይንቀዋል፣ ያሻው ለራሱ ጥቅም ያወጣዋል። እንግሊዞችም በ2014 እ.ኤ.አ. የምስጢር ደረጃቸውን ወደ ሦስት አውርደውታል። ጠላት አልቆባቸው አይደለም።

እኛስ ሕግ አጣን? የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የፕሬሱን ክፍል ተካው እንጂ የመረጃውን ክፍል አልነካውም። ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልሱም በሠላሳ ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። ብሔራዊ ደኅንነትና የካቢኔ ሰነድ በልዩ ሁኔታ ተዘርዝረዋል። ምሳ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአፈጻጸሙ ጠባቂ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ በዚህ ዓይነት እንባው መቼም አይደርቅለትም።

ጉዳዩ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳቅ ባለፍኩት። በ1965 ወሎ ሲራብ ረሀቡ እንደ መንግሥት ምስጢር ተያዘ። ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ በአደባባይ አይነገርም ነበር። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ዓለም አወቀ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያን ምስጢር የጠበቁት ሰዎች ከማን ነበር የጠበቁት? ወሎዬው እንደሆነ ያውቀዋል።

«ካፋማ ድሮም ዝግ አገር ነበረች» ብሎ የተከራከረኝ ወዳጅ አለ። ነበረች። የዛሬዋን ቦንጋ ያቅፍ የነበረው የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በበሮች አጥሮ ነበር። እንግዳ ከበሩ ሲደርስ መልእክቱ ለንጉሡ ደርሶ ፈቃድ እስኪመጣ እዚያው ይቆማል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ገብቶ ለመውጣት በቅቷል፤ እንደ እሱ የቀናቸው ጥቂት ናቸው። ወዳጄ ያላየው ነገር ግን አለ። ያ በር የቆመው ወደ ውጭ ዞሮ ነው። በር ጠባቂው የካፋን ገበሬ «የአገርህን ነገር አትጠይቅ» አላለውም፤ ንጉሡም ቢሆን ብቻውን አይወስንም፣ ሚክሬቾ የሚባሉት አማካሪዎቹ አሉ። እንደዚያም ሆኖ መዘጋት ዋጋ አስከፍሏል። በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲመጣ የካፋው ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ሰዎች በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ይዘው ነበር ጠመንጃ የገጠሙት። ሰው እንዳይገባ የተቆፈረ ቦይ ዓለም ምን እንደታጠቀ የሚናገረውን ወሬም ያዘገያል ባይ ነኝ። ንጉሡ ለወራት በጫካው ተሰውረው ቢቆዩም መጨረሻቸው ምርኮ ሆነ።

የዛሬው ቢሮ ከዚያ በር የወረሰው ቦዩን ብቻ ነው፤ እሱንም ያዞረው ወደ ነዋሪው ነው።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ርካሽ ሐሳብ አለኝ። አሜሪካኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትእዛዝ ሰነድ ምስጢር ያደረገ ሹም ማንነቱን፣ ምክንያቱንና ምስጢሩ የሚፈታበትን ቀን እንዲጽፍ ያስገድዳሉ። ጥፋት ለመሸፈን ወይም ከኀፍረት ለመዳን ሰነድን ምስጢር ማድረግንም ይከለክላሉ። ሁልጊዜ ያከብሩታል አላልኩም። እኛም ከቀዩ ማኅተም ሥር ሦስት መስመር እናስምር፦ ማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ። የሥልጠናው ጥሪ ላይ ማኅተም ያሳረፉት ሹምም «ለምን» የሚለው መስመር ላይ የሚጽፉትን በጉጉት እጠብቃለሁ።