ከዛፍ ሥር የወደቀው ማንጎ የማን ሥራ ነው?

በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ አባያ ወረዳዎች ማንጎ በሚደርስበት ወቅት በየጓሮው ዛፍ ሥር ተበትኖ የሚቀረውን ፍሬ ብዙዎቻችን እንደ ተራ ነገር ለምደነዋል። አንዱን አንስቶ የሰነጠቀ ሰው ግን ነጫጭ ትሎች ሲርመሰመሱ ያያል። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስል፣ ምናልባት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ ያለችበት ማንጎ ነው። ነጋዴው ሣጥኑን አዲስ አበባ አድርሶ ሲከፍት የሚጠብቀው ይኸው ከሆነ፣ በቀጣዩ ጉዞ ዋጋ የሚቀንሰው በተበላሸው ፍሬ ላይ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ማንጎ ሁሉ ላይ ነው።

ጉዳት አድራሹ መጤ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። መነሻው እስያ ሲሆን በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአካባቢው ማንጎ አምራች ቀበሌዎች ወጥመድ ሰቅለው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ ከተያዙት የፍራፍሬ ዝንቦች አብዛኞቹ ይኸው መጤ ዝርያ መሆናቸውን አሳይቷል። ቅጠል ላይ ነጭ ሆኖ ከሚለጠፈውና እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ከተገኘው ሌላው የማንጎ ተባይ ጋር ግን መምታታት የለበትም፤ የሁለቱ መከላከያ ይለያያል።

አርሶ አደሩ ተባይ ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው ርጭትን ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሴቷ ዝንብ የፍሬውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች፤ እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉም ሥጋውን እየበላ ያድጋል። ልጣጩ ላይ የተረጨ ኬሚካል ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም። ትሉ ሲጠግብ ከፍሬው ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይገባና የስንዴ ፍሬ የሚመስል ቡናማ ሽፋን ለብሶ ይቆያል። እንደ አባያ ዳርቻ ባለ ሞቃት ቆላ ከእንቁላል እስከ አዲስ ዝንብ ያለው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ቢሆን ነው። አንዲት ዝንብ በሕይወት ዘመኗ በመቶዎች የሚቆጠር፣ ከተመቻትም ከሺህ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ ሳይነሳ የቀረ አንድ የወደቀ ማንጎ ለጎረቤት ማሳ ምን እንደሚልክ ማስላት አይከብድም።

ወጥመድም ቢሆን በደንብ መታወቅ ይኖርበታል። ሜቲል ዩጂኖል የተባለው ማማለያ የሚስበው ወንዱን ብቻ ነው። ጠርሙሱ በዝንብ ሲሞላ ድል የተገኘ ይመስላል፤ ቀድማ የተዳቀለችው ሴት ግን እንቁላሏን መጣል አታቆምም። ሴቷ እንቁላል ለማብሰል ፕሮቲን ስለምትፈልግ፣ የፕሮቲን ማማለያ ከጥቂት ፀረ ተባይ ጋር ተቀላቅሎ በዛፉ ቅጠል ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ቢረጭ ራሷ ፈልጋው ትመጣለች። ዛፉን በሙሉ ከማጠብ ይልቅ ይህ ኬሚካልም ገንዘብም ይቆጥባል።

ይሁን እንጂ የወደቀው ፍሬ እስካልተነሳ ድረስ ሁለቱም ዘዴዎች ብቻቸውን አይበቁም። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሠራው ማድረጉ ነው። በላንቴ ወይም በጫኖ አንድ ትጉህ አርሶ አደር ማሳውን ቢያጸዳ፣ አጥር የማያግደው ዝንብ ካልጸዳው ማሳ ይመጣበታል። የጓሮ ዛፎቻችን ረጃጅም በመሆናቸውም ከላይ ያለው ፍሬ ሳይለቀም በስሎ ይወድቃል። የአርባ ምንጭ ከተማም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ በሲቀላና በሴቻ ግቢዎች ያሉ የማንጎ ዛፎች በማንም የወረዳ ዕቅድ ውስጥ የሉም።

አካባቢው ግን ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ዘመቻ እንግዳ አይደለም። ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲመከት፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የተካሄደው ፕሮጀክት መነሻ ሐሳብ አንድን በረት ሳይሆን ቀጣናውን በሙሉ መያዝ ነበር። ማንጎ ላይ ይህ አስተሳሰብ ገና ቦታ አላገኘም። በአረንጓዴ አሻራ የተተከለ የፍራፍሬ ችግኝ ይቆጠራል፤ የተሰራጨ ፀረ ተባይም በሊትር ሪፖርት ይደረጋል። በአንድ ቀበሌ ስንት የፍሬ መቅበሪያ ጉድጓድ ተቆፈረ የሚል ዓምድ ግን በሪፖርት ቅጹ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዘንድሮ ዕቅድ ሊጨምሩት የሚገባው አንድ መስመር ይኸው ነው።

ገበያውም አይጠብቅም። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባለት ማንጎ ከዝንቡ ነጻ ከሆነ አካባቢ የተለቀመ ወይም ውጤታማ ሕክምና የተደረገለት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

ጉድጓዱ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መጥለቅ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ዝንቡ አፈሩን ፈልቅቆ ይወጣል። መቆፈር ያቃተው ፍሬውን በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ትሉ እስኪሞት ድረስ ፀሐይ ላይ ያቆየው። ለቀማው ፍሬ መርገፍ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደረግ ይኖርበታል፤ ትሉ አፈር ከገባ በኋላ ባዶውን ፍሬ መቅበር ጉልበት ማባከን ነው።