ጉዞው በደካማው ልክ ይሁን



ባለፈው ወር አንድ ማታ ከዒሻእ በኋላ ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእንግሊዝ አገር የሚኖረው የአጎቷ ልጅ የላከላትን ፊልም ልታሳየኝ ነው። ቤተሰቡ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት መኪና ተከራይቶ፣ በገጠሩና በባሕሩ ዳርቻ አንድ ሳምንት ሊዞር ይሰናዳል። እናት አንሶላ ታጥፋለች፤ አባት ካርታ ዘርግቶ የሚያድሩበትን ስፍራ ያሰምራል፤ ልጆቹ ማን መስኮት አጠገብ እንደሚተኛ ይጨቃጨቃሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ እኛስ ቡሬ የምንሄደው መቼ ነው?» አለችኝ።

ቡሬ እናቴ ያለችበት ከተማ ነው። እናቴ እግሯ ስለማይችል አዲስ አበባ አትመጣም። ልጄ አያቷን በአካል ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ2011 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች። ለጥያቄዋ ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ተነሥቼ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣሁ። በደብተሩ ውስጥ ያ ጉዞና ከእሱ በኋላ ያቀድኩት ሁለተኛ ጉዞ ተጽፈዋል። የዛሬው ጽሑፌ የተገኘው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ነበር። ሚኒባስ ተከራይቼ ራሴው ነዳሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን፣ ታናሽ ወንድሜና የባለቤቴ እናት ሆነን ሰባት ነበርን። ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ከሱብሒ በኋላ ተነሥተን ለዐስር እንደርሳለን» ብዬ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። እንግዲህ ያንን ያልኩት የመኪናውንና የራሴን ጉልበት አስቤ ነበር። ከኋላ የተቀመጡትን አላሰብኩም።

ፍቼን ሳልቆም አለፍኩ፤ ገርበ ጉራቻንም እንዲሁ። ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ትንሹ ልጄ ማስመለስ ጀመረ። ደጀን ስንደርስ ደግሞ የባለቤቴ እናት ራሳቸውን ሳቱ። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ነርሷ ስትጠይቃቸው፣ ከሱሉልታ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ መሆናቸውን ነገሯት። «ለምን?» ስትላቸው «ልጁ ቸኩሏል፤ መኪና አቁሙልኝ እያልኩ ላስቸግረው?» አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። እኚያ ትልቅ ሰው የእኔን ሰዓት ላለማዛባት ሲሉ ጉሮሯቸውን አድርቀው ነበር።

ከጤና ጣቢያው የወጣነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ቡሬ የገባነው ከዒሻእ በኋላ ነበር። እናቴ ከዐስር ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ዱካ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ምግቡም ቀዝቅዞ፣ እሷም ብርድ መቷት አገኘናት። በማግስቱ አልጋ ላይ ዋለች። እኔ ደግሞ ሥራ ነበረብኝና በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልተጫወቱም።

ኢማም ከኋላው ሽማግሌ፣ ሕመምተኛና ጉዳይ ያለበት ሰው መኖሩን አስቦ ሶላቱን እንዲያቀል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ቤተሰብ ይዞ መሪ የጨበጠ ሰውስ ከዚህ በምን ይለያል? ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሱ ያያል፤ እሱ ሲቆም ይቆማል፤ እሱ ሲሄድ ይሄዳል። ስለዚህ የቤተሰብ ጉዞ የሚታቀደው በደካማው ልክ ነው። ሁለተኛውን እቅድ የጻፍኩት ይህን ይዤ ነው። ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

አንደኛ፣ መንገዱን ለሁለት ቀን መክፈል ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማደሪያችን እሱ ይሁን። የሚቀረው መንገድ ለሁለተኛው ቀን ቀላል ነው፤ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገባል። በሁለቱም ቀን ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ያስፈልጋል። ማንም እስኪጠይቅ አይጠበቅም፤ አሮጊት እናትና ዓይነ አፋር ልጅ አይጠይቁምና።

ሁለተኛ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም። ድልድዩ ያለው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ሲሆን ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ሙቀትንም ብርድንም ማየት ማለት ነው። ስለዚህ ጎሐ ጽዮን ላይ ዐርፎ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ረፋድ ላይ መውረድ ይሻላል። ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ፍሬን ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ሹፌር ፍሬኑን አግሎ ከታች ሲደርስ ያጣዋል። ሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት ይቀመጡ፤ ከመውረዳቸው በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አይብሉ፤ ፌስታልም በእጃቸው ይሁን። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ስለተመረቀው አዲሱ ድልድይና ከጎኑ ስላለው አሮጌው ድልድይ ብትነግሯቸው ደግሞ ሕመሙን ይረሱታል።

ሦስተኛ፣ ውሃና መጸዳጃ ነው። የእንግሊዞቹ መኪና የራሱ ውሃ አለው። የእኛ ግን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ አንድ ማንቆርቆሪያና ሁለት መስገጃ ይበቃዋል። መጸዳጃ ሲያስፈልግ ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ አዝዞ መጠየቅ ነው። ሶላትን በተመለከተ፣ ለመንገደኛ አራት ረከዓዋን ወደ ሁለት ማሳጠር የተሰጠ ገር ነው። ስለ ማጣመሩ በየመዝሀቡ ልዩነት ስላለ ከመነሣታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። በትላልቆቹ ከተሞች መስጊድ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል።

አራተኛ፣ ምግብ ነው። በዚያ መንገድ የሙስሊም ምግብ ቤት በየመንደሩ አይገኝም። ባለቤቴ ያወጣችው ዘዴ ግን ቀላል ነው። ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ከቤት ይያዛል፤ ሻዩ በፔርሙዝ። መነሻው ደግሞ ረቡዕ ወይም ዐርብ ይሁን። በእነዚህ ቀናት ክርስቲያን ወገኖቻችን ስለሚጾሙ በየምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ስለሚሠራ፣ ሳንሳቀቅ ከጎናቸው ተቀምጠን እንበላለን። ድስቱና ዘይቱ ለብቻው መሆኑን ለማወቅ ለሚፈልግ ጥያቄውን በትሕትና ማቅረብ ነው፤ የጎጃም ሰው በዚህ አይቀየምም።

አምስተኛ፣ ጤና ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስትሆን በአካባቢዋ ያለው ቆላማ ስፍራ ወባ የሚያጠቃው ነው፤ በተለይም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ስለዚህ አጎበር ይያዝ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር። ለደብረ ማርቆስ ሌሊት ደግሞ ጋቢ አይረሳ። ከመኪናው በኩል ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና የራዲያተር ውሃ ከመነሻው ዋዜማ ይታዩ። በገበያ ቀን ከብቱ፣ አህያውና ጋሪው አስፋልቱን ስለሚሞላው፣ ሹፌሩ ከከተማ ወደ ከተማ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የሚነዳ መሆኑን ይወቅ።

ስድስተኛ፣ ለልጆች የሚታይ ነገር ይመረጥ፤ ግን በቀን ከአንድ አይብለጥ። ማንኩሳ ላይ ቆሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያነሷት መንደር ይህች መሆኗን ለትልልቆቹ መንገር ይቻላል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ በርበሬውን ለቅሞ አስጥቶ ሲያደርቅ ማየት ለከተማ ልጅ ትምህርት ነው፤ ቤታቸው የሚገባው ድልህ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ጊዜ ካለ ከቡሬ አልፎ በቲሊሊና በእንጅባራ መካከል ያለውን የዘንገና ሐይቅ ማሳየት ይቻላል። የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይም በሰከላ ወረዳ ነው። ስፍራው ለክርስቲያኖቹ የተከበረ ጠበል ስለሆነ የሚጎበኘው የአካባቢውን ሰዎች አስፈቅዶ፣ በአክብሮት ነው።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ለሚጠብቀው ሰው ቀን እንጂ ሰዓት አይነገር። እኛ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ልንደውል ነበር የተስማማነው፤ ያኔ እናቴ ምጣዷን ትጥዳለች እንጂ መንገድ ዳር አትቀመጥም።

ውድ አንባቢያን፣ እቅዱ ይህን ያህል ተሟልቶ ሳለ ለምን አልሄድንም? የምንተፍርበትም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። እሱ በጎ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን መንገዱ ክፍት የነበረባቸው ብዙ ወራት አልፈዋል። እኔ ግን ሱቁ በዛብኝ፤ አንድ ጊዜ ዕቃ ከጉምሩክ ላወጣ፣ ሌላ ጊዜ ቤቱን ላሳድስ እያልኩ «ለከርሞ» አልኩ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ ወር ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነችው በፍኖተ ሰላም በአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ መንገድ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። መንገዱ ሰላም ሳለ እኔ ጊዜ አልነበረኝም፤ እኔ ጊዜ ሳገኝ መንገዱ ሰላም አጣ።

ከዚያ ወዲህ በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «መኪና ከመከራየት በፊት መንገዱን ጠይቅ» ይላል። የሚጠየቀውም አንድ ሰው አይደለም። መናኸሪያ ያሉ የመስመሩ ሹፌሮች፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ያለ ዘመድ፣ ቡሬ ያሉት ራሳቸው ይጠየቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ካመነታ ጉዞው ይቀራል። ሦስት ሆነው ለጉዞ የወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ታዘዋል። አሚር የሚያስፈልገው «ተነሡ» ለማለት ብቻ ሳይሆን «ዛሬ አንሄድም» ለማለትም ጭምር ነው። ናፍቆት ድፍረት ይሰጣልና፣ ልጆች የጫነ ሰው ግን በድፍረት አይነዳም።

እስከዚያው እናቴን በየጁሙዓው በስልክ እናገኛታለን። ልጄም ታወራታለች፤ ትንሹም የቀራውን ሱራ ያሰማታል። ይህ ዝምድናን መቀጠል ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን እጇን መሳም አይደለም።

እናንተ ሆይ፣ የእናንተ «ቡሬ» መንገዱ ዛሬ ክፍት የሆነበት ስፍራ ከሆነ፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት እዚያ ካሉ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስታበቁ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና ቀኑን ቁረጡ። አልጋ ያለው መኪና አያስፈልጋችሁም፤ አልጋው እዚያ ተነጥፎ ይጠብቃችኋል። በደካማው ልክ ማቀድ ስል ከኋላ ወንበር ያሉትን ብቻ ማለቴ አልነበረም። ከሁሉ ደካማዋ በመንገዱ ጫፍ የምትጠብቀዋ ናት፤ እሷን «ለከርሞ» ማለት አይቻልም።

ያን ማታ ደብተሩን ለልጄ ሰጠኋት። «መንገዱ ደህና መሆኑን ሦስት ሰዎች በነገሩን በመጀመሪያው ዕረፍት፣ ኢንሻአላህ» አልኳት። ገጾቹን ገልጣ አነበበችና፣ የሚያዙ ዕቃዎች ከሚለው ዝርዝር ሥር በራሷ እጅ ጻፈች፦ «ባለ መደገፊያ ወንበር፣ አንድ። ለአያቴ፣ በር ላይ ስትጠብቀን።»

አላህ የመንገዶቻችንን ሰላም ይመልስልን፤ የሚጠብቁንንም ያቆይልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።