ዶክመንተሪ ሲባል «ደግሞ ማን ታሰረ?» የምንለው እስከ መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርተውኝ ወዲያ ወዲህ ስንል ቆየንና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ማታ ጥሩ ዶክመንተሪ አለ፤ እንዳያመልጥዎ» አልኳቸው። ሴትዮዋ የያዙትን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መልሰው አስቀመጡ። ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ደግሞ ማንን አስረው ነው ልጄ?» አሉኝ።

እኔ እኮ ያልኳቸው ስለ ባሌው ቀይ ቀበሮ የተሠራ ፊልም ነበር! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ ጠፍቶ ንዴት ብቻ ቀረ። በሌላው ዓለም ዶክመንተሪ ሲባል ሰው ልጆቹን ሰብስቦ «ኑ፣ ተማሩ» ይላል። እኛ ዘንድ ቴሌቪዥኑ «ልዩ ዝግጅት» ብሎ ያንን አስፈሪ ሙዚቃ ሲለቅብን፣ ማን ተራው እንደደረሰ ለማወቅ ነው የምንቀመጠው። ኧረ ለመሆኑ፣ ስለ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ዜግነት ሊያስተምረን የሚገባው ነገር እንዴት ብሎ የዐቃቤ ሕግ ተላላኪ ሆነ?

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በ1966 ጥቅምት ላይ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርዕስ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ያ ፊልም የእንግሊዝን ሕዝብ አስለቅሶ ብዙ እርዳታ አሰባስቧል። ለእኛ ግን ያኔ አልታየንም፤ የሞተው የእኛ ሰው ሆኖ ሳለ!

ታዲያ መቼ አየነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ማታ። ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድግስ በረሃብተኛው ሥዕል መሐል መሐል እየሰነገ፣ «የተደበቀው ረሃብ» ብሎ ለቀቀው። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ከቤተ መንግሥት አውጥተው በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

ልብ በሉ፤ ረሃቡ ውሸት አልነበረም። መደበቁም ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ያ ፊልም በዚያች ሌሊት ለሕዝቡ ስለ ረሃብ አላስተማረም። ዝናብ ሲቀር ምን ይደረጋል፣ የእህል ክምችት እንዴት ይያዛል፣ ባላገሩ «ተራብኩ» ሲል ጩኸቱ በየትኛው ቢሮ ታፍኖ ቀረ የሚለውን ማንም አላነሳም። ፊልሙ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፦ ሰውዬውን ማውረድ። አወረደ። አለቀ።

እንደ ትምህርት አለመቆጠሩን የምናውቀው ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ በሆነው ነው። በ1977 መስከረም ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስና በሰልፍ ሲያከብር፣ በሰሜን ሕዝቡ እንደገና በረሃብ ይረግፍ ነበር። አሁንም ተደበቀ። በዚያው ጥቅምት ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ የኮረምን ጉድ ለዓለም አሳዩት። ንጉሡን በረሃብ ፊልም ያወረደ መንግሥት እሱ ራሱ በረሃብ ፊልም ተዋረደ! ለፍርድ ብቻ የተሠራ ፊልም የሠራውን ሰው እንኳ እንደማያስተምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ካለ አምጡልኝ።

ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ፤ መሣሪያውን ከደርግ ተረከበና ወልውሎ አስቀመጠው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ» የተባለውን በሦስት ክፍል ተጋትን። እነ እስክንድር ነጋና እነ አንዱዓለም አራጌ በሽብር ተከሰው ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት ነበር። ዳኛው ሳይፈርድ ቴሌቪዥኑ ፈረደ። በጥር 2005 ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» መጣ፤ የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በችሎት ላይ ሳሉ፣ ፍርድ ቤቱ እንዳይተላለፍ ያዘዘውን ፊልም አስተላለፉት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጹ ያኔ የት ሄዶ ነበር? ቴሌቪዥን ሲበራ ሕግ ይጠፋል እንዴ?

«እና አንተ ሽብር የሚባል ነገር የለም ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። ሽብር ካለ ዳኛ አለ፣ ምስክር አለ፣ ጠበቃ አለ፤ የፍርድ ቤት ሥራ ለፍርድ ቤት ይተው ነው ያልኩት። «አኬልዳማ» ስለ ሽብር ምን አስተማረን? ሽብር ከምን ይመነጫል፣ ሌሎች አገሮች እንዴት ተቋቋሙት፣ በሽብርተኛና በተቃዋሚ መሐል ያለው ድንበር የቱ ጋ ነው? አንዱም አልተነገረንም። የተነገረን «እነዚህ ሰዎች መጥፎ ናቸው» ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እነዚያው ሰዎች ተፈቱና ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው።

ከለውጡ በኋላስ? በ2011 ያው ጣቢያ በእስር ቤቶች ስለተፈጸመው ሰቆቃ ዶክመንተሪ አሳየን። የታሰሩትን ሲወነጅል የኖረ ጣቢያ ስላሳሪዎቹ አለቀሰልን! የተባለው ሰቆቃ እውነት ነበር፤ የተጎዱትም ሰዎች መናገራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የሜቴክ ኃላፊዎች ሲያዙ ገና ችሎት በቅጡ ሳይሰማቸው ዶክመንተሪ ተሠራባቸው። ያኔ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ምክንያቱም ተራው የእነሱ ነበራ! ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኛም ነው። ዱላው በማን ጀርባ ላይ ማረፉን እንጂ ዱላ መሆኑን አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ዓለም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1973፣ ዲምብልቢ ወሎን በቀረጸበት በዚያው ዓመት፣ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ያዕቆብ ብሮኖውስኪ የሚባል የሒሳብ ሊቅ አቅርቦ ስለ ሳይንስ ታሪክ 13 ክፍል ፊልም አሳየ። በአማርኛ «የሰው ልጅ ሽቅብ ጉዞ» ልንለው እንችላለን። በአንደኛው ክፍል ላይ ሰውዬው አውሽዊትስ ወደሚባለው የናዚዎች የግድያ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ የተቃጠሉ ሰዎች አመድ የተደፋበት ኩሬ አለ። የገዛ ዘመዶቹም ካለቁት ውስጥ ናቸው። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ኩሬው ውስጥ ይገባና ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ ይዘግነዋል። የሚናገረው ሲጠቃለል፣ ሰዎች ፍጹም እውነትን ይዘናል፣ መሳሳት የለብንም ብለው ሲያምኑ መጨረሻው ይኼ ነው የሚል ነው።

ሰውዬው ያንን ሁሉ በደል ተበድሎ ማንንም ለማስፈረድ አልተነሳም። ተመልካቹን «እኔም ብሆን ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ እንዲያስብ ነው ያደረገው። እኔ ትምህርት ሰጪ ዶክመንተሪ የምለው ይኼንን ነው። ካየህ በኋላ ጥያቄ ይዘህ ትተኛለህ። የእኛው ግን መልሱን አስቀድሞ ሰፍሮ ያመጣና «ዋጥ!» ይልሃል።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፤ እኛ ምን አለንና?» ትሉ ይሆናል። ምን የለንም?

ዶክተር አክሊሉ ለማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እናቶቻችን በእጃቸው የያዙት ሳሙና መድኃኒት ነበር ማለት ነው! ግኝቱ በውጭ ተቀባይነት እስኪያገኝ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ የሚዘጉ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳትን ለማጥፋት በመጠቀም ላይ የባለቤትነት መብት ይዞ ነበር። ይኼ ታሪክ ሳይንስ አለው፣ እናቶች አሉት፣ ወንዝ አለው፣ የአገር ጥቅም ክርክር አለው። የትኛው ልብ ወለድ ይበልጠዋል? አንድ ልጅ ይኼን አይቶ ነገ ወንዝ ዳር ሲሄድ ዓይኑን ገልጦ አይሄድም ወይ?

ሥዕል ከተባለ፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። በታክሲ በየቀኑ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ስንት ሺህ ሰው ይሆን? ከእነዚህ ውስጥ ያየውስ? ሁሉም ገብቶ ማየት ባይችል ቴሌቪዥን ለምን ተፈጠረ ታዲያ?

ታሪክም ከተባለ፣ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 «አድዋ»ን የሠራው ኑሮውን አሜሪካ አድርጎ፣ ገንዘብ እየለመነና እየተበደረ የሚሠራ ሰው ሆኖ ነው። አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመውን አንድ የመንግሥት ጣቢያ አልችልም ቢል ማን ያምነዋል?

ስለ ዜግነትም አልቀረብንም። በ1997 ምርጫ ጊዜ ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ አገሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ነበር። ሻይ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ ስለ መሬት ፖሊሲና ስለ በጀት ያወራ ነበር። ሕዝቡ ድራማ ብቻ ነው የሚወደው የሚሉ ሰዎች ያንን ጊዜ ረሱት? ሕዝቡ አዋቂ ነው ብለው ሲያከብሩት ይሰማል። እንደ ሕፃን ሲያዩት ነው ጣቢያ የሚቀይረው።

በዚያው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። የፕላዝማ ትምህርት ያኔ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይወርድ ነበር፤ ልጁ ባይገባው «ቆይ» ማለት አይችልም ነበር፣ መምህሩም ማቆም አይችልም ነበር። የሥርዓቱ ጠባይ በዚያ ሳጥን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ይናገራል እንጂ አይጠየቅም።

የግል ጣቢያዎቻችንንም ዝም ብዬ አላልፍም። በቱርክ ድራማ ትርጉምና በሳቅ ውድድር ሰዓቱን ሞሉት። ማስታወቂያ የሚያመጣው እሱ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ግን ከሳምንቱ 168 ሰዓት ውስጥ ለእንዶድ አንድ ሰዓት ይጠፋል?

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። አንደኛ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ባለ ሰው ላይ ዶክመንተሪ መሥራት ይቁም፤ ሰውዬው የእኛ ወገንም ሆነ የእነሱ። ሁለተኛ፣ ከ1957 ጀምሮ ከተቀረጸው ውስጥ እጁ ላይ ያለውን የሕዝብ ንብረት ጣቢያው ለተመራማሪና ለፊልም ሠሪ ይክፈት። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ከካድሬ ነፃ ለሆኑ ባለሙያዎች ይሰጥ፤ ስለ ሥዕል፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሳይንስ፣ ወረዳው በጀቱን እንዴት እንደሚያወጣ ይሥሩበት፤ በየቋንቋውም ይሁን። ይኼ ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተሳሰቦችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ወጪውን የምንከፍለው በግብራችን እኛ ነን።

ጎረቤቴ ያን ዕለት ቀይ ቀበሮውን አዩት። በነጋታው ሲያገኙኝ፣ «ምስኪን፣ አይጥ አይደል እንዴ የሚበላው! እኛ ግን በግ ጨረሰብን እያልን ስንት ጊዜ ተራገምን» አሉኝ። አያችሁ? በአንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያስፈራራቸው፣ በዕድሜያቸው ሙሉ የያዙትን ፍርድ አነሱ። ከዚያ የእንዶዱን ታሪክ አጫወትኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣

«እኔ እኮ ልጄ፣ በእንዶድ ነጠላ እያጠብኩ ነው ያደግኩት። ይኼንን ለምን አያሳዩንም?» አሉ።

እኔ መልስ አላገኘሁላቸውም። ጣቢያውን የምትመሩት ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተ መልሱላቸው።