የፊት ጎማ ማዞሪያና የነጋዴ አደራ

መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ዕቃውን ሁሉ በአንድ ዓይን አይቶ ሊሸጥ አይገባውም። የበር እጀታ ቢሰበር ባለመኪናው ይበሳጭ እንደሆነ እንጂ ሕይወቱን አያጣም፤ የፊት ጎማ የሚዞርበት ዕቃ ቢሰበር ግን መኪናው ለመሪው መታዘዙን ትቶ ወደ ገደል ወይም ወደ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ሻጭ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንኳ ማወቅ ግዴታው ነው።

በጥንቱ ሠረገላ ሁለቱ የፊት መንኰራኵሮች በመካከል ባለ አንድ ችንካር ላይ አብረው ይዞሩ ነበር። እያንዳንዱ መንኰራኵር በየራሱ ችንካር ላይ እንዲዞር ያሰበው የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ሲሆን፥ ሩዶልፍ አከርማን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዝ አገር አስመዘገበለት። የዛሬውም መኪና መታጠፊያ መሠረቱ ይኸው ነው።

እንደ ኢሱዙ ኤን ፒ አር ባሉ የጭነት መኪናዎች የፊቱ አክስል በየጫፉ ኪንግ ፒን የሚባል ወፍራም የብረት ዘንግ ይይዛል። ዘንጉ ከአክስሉ ጋር ተቈልፎ ይቆማል፤ ጎማውን የተሸከመው አንጓ ከላይና ከታች ባሉት ቦኮላዎች አማካይነት ይዞርበታል፤ ክብደቱንም ኩሽኔታ ይቀበለዋል። የዘንጉ ራስ ጥቂት ወደ ውስጥ ማዘንበሉ መሪውን ያቀለዋል፤ ወደ ኋላ ማዘንበሉም ጎማው ከታጠፈ በኋላ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ ይረዳዋል። ግራሶ በጊዜው ያልተሰጠው እንደሆነ ግን አቧራና ውሃ ቦኮላውን ይበሉታል፤ መሪው ይከብዳል፥ ጎማው ይወዛወዛል፥ ባንድ ወገንም ያልቃል።

በትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ላይ ይህ ዘንግ በአብዛኛው በቦል ጆይንት ተተክቷል። ይኸውም ራሱ እንደ ኳስ የሆነ ችንካር በጕድጓዱ ውስጥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚንቀሳቀስበት ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ አቧራ ይገባበታል፤ ኳሱም ከመጠን በላይ ሲላላ ከጕድጓዱ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል።

ከዚህ ነጋዴው የሚማረው አንደኛው ነገር የመኪና ስም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በአገራችን የታወቀችው ትንሿ ቮልስዋገን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ እስከ 1965 ሞዴል ድረስ በኪንግ ፒን ስትሠራ ቆይታ፥ በ1966 ሞዴል የወጣችው 1300 በቦል ጆይንት ተሠራች። ስለዚህ «የቮልስ ስጠኝ» ላለ ገዢ፥ ሊብሬውን አይቶ ዘመኑንና የሻንሲ ቁጥሩን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያወርድ ባለሱቅ በግምት የሚሸጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኪንግ ፒን ከነቦኮላውና ከነኩሽኔታው በሙሉ መሸጥ እንዳለበት ነው። አዲስ ቦኮላ በተበላ ዘንግ ላይ ቢገባ ዕድሜው አጭር ነው። አዲሱም ቦኮላ ከገባ በኋላ በልኩ መስተካከል ስላለበት፥ ባለሱቁ ገዢውን መሣሪያው ወዳለው ጋራዥ መምራት ይገባዋል እንጂ በመዶሻ እንዲመታ ሊተወው አይገባም።

ሦስተኛው ነገር ያገለገለ ቦል ጆይንት ለገበያ አለማቅረብ ነው። ያገለገለ በር ወይም መብራት ጕዳቱ በዓይን ይታያል፤ የኳሱ መበላት ግን በሽፋኑ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ገዢው አይቶ ሊመርጥ በማይችለው ዕቃ ላይ ምርጫው የእርሱ ነው ማለት አግባብ አይደለም።

በእርግጥ ነጋዴው የሚያቀርበው ምክንያት አለ። ገዢው ገንዘብ ያጥረዋል፤ ሙሉውን ላልሸጥልህ ቢሉት ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ደንቡን መተው ሳይሆን ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ ደንብ መስማማታቸው ነው። የነጋዴዎች ማኅበርም ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ሊሰጥ አይችልም። የዕቃውን ቁጥርና የመኪናውን ሞዴል በደረሰኝ ላይ መጻፍ ብቻውን ሐቀኛውን ነጋዴ ከግምተኛው ይለየዋል።

አስመጪውም ቢሆን ገበያው ወዴት እንደሚያመራ ያስብ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ለእርሱ ካንዴላና የዘይት ፊልትሮ አያስፈልጉትም፤ ቦል ጆይንት ግን ያስፈልገዋል፤ ባትሪውም ከባድ ስለሆነ በዕቃው ላይ የሚያርፈው ጭነት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ይህ ንግድ ገና የሚቀጥል ነው፤ የሚቀጥልም ንግድ በእምነት ይጸናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለባለመኪናው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ዕቃውን በሱቁ መደርደሪያ ላይ ለሚያኖረውም ጭምር ነው።