ከኋላ የሚመጣው

«ዓላማው ችግረኛን መርዳት ከሆነ፣ ገንዘቡን ሰጥቶ መተኛት አይሻልም?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝና ጥያቄው ለእኔም እንግዳ አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከአትሌቶቹ ኋላ ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እያሰባሰቡ የሚሮጡ አሉ። እኛም ዘጠኝ የሥራ ባልደረቦች ለዚሁ ብለን፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች እንለማመዳለን።

አንድ ማለዳ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ባልደረባችን ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ቀሩ። እኔ ዙሬን ጨርሼ ስመለስ፣ «እትዬ፣ መዋጮዎን እንደሆነ ከፍለዋል፤ ለምን ይደክማሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ቤት ብቻዬን ከምቀመጥ ከእናንተ ኋላ ብቀር ይሻለኛል» አሉኝ።

አፈርሁ። የማላውቀውን ችግረኛ ልረዳ ስሮጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የምንውለውን ሰው ብቸኝነት ሳላይ አልፌ ኖሯል።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ ገንዘቡ በሒሳብ ቁጥር ይተላለፋል፤ ለዚያ ላብ አያሻም። ላባችን ትርጉም የሚኖረው እርስ በርስ ስንጠባበቅ ነው። ለበጎ አድራጎት የሚሮጥ ቡድን ልምምዱን በፈጣኑ ሰው ሰዓት ሳይሆን በመጨረሻው ሰው እርምጃ ይለካ። እኛ ከዚያ ወዲህ ተራ ገብተናል፤ በየማለዳው አንዳችን ከእትዬ ጋር ከኋላ እንሮጣለን። የነገው ተራ የእኔ ነው።

ቀድሞ የደረሰ ዞር ብሎ ካላየ፣
ሮጠ እንጂ ምን ሰጠ? ከወገን ተለየ።